ሦስት ኪሎ በአውራ ጣት

በማክራይ እርሻ በጎች መውለድ ሲጀምሩ፣ ሲነጋጋ ተነስቶ፣ ከሰዓትም ደግሞ መስኩን የሚዞረው ማን እንደሆነ ተጠይቆ አያውቅም። ኤልስፔት ናት። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መጀመሪያ በፈረስ፣ ኋላም በባለ አራት ጎማ ሞተር እየዞረች፣ ምጥ የጠናባትን ስታዋልድ፣ በጀርባዋ ተገልብጣ መነሳት ያቃታትን ስታነሳ፣ እናቱ የገፋችውን ግልገል ኮቷ ውስጥ ሸጉጣ ስትመለስ ኖራለች። ዘንድሮ ግን ጣጣው በአውራ ጣቷ በኩል መጣ። የሞተሩ ነዳጅ መስጫ ከመሪው በስተቀኝ ያለች ትንሽ ምላስ ናት፤ በአውራ ጣት ገፍተው ካልያዟት ሞተሩ ንቅንቅ አይልም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ይህች ምላስ እየጠነከረች፣ የኤልስፔትንም ጣት ቁርጥማት እየያዘው ሄደ።

ታናሽ ወንድሟ ሊንዚ ዳሌው ከተበላሸ ወዲህ ሞተር ላይ መውጣት ትቶ ወጥ ቤቱንና መጋዘኑን ይዟል። ፍርዱን የሰጠው ሐሙስ ቁርስ ላይ ነው።

"እታለም፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም። ጣትሽ ነው ያረጀው። በቀን ተከፍሎት በግ የሚጠብቀውን የዊንተኑን ሰውዬ አናግሬዋለሁ፤ ሰኞ መጥቶ ዙሩን ይረከብሻል።"

"እኔን ሳትጠይቅ?"

"ብጠይቅሽ እሺ ትዪ ነበር?"

"በጭራሽ!"

"ለዚህ ነዋ ያልጠየቅሁሽ። ይልቅ ገንፎሽን ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።"

ገንፎውን በላች፤ ንዴቱ ግን አልወርድ አላት። ዙሩን መነጠቅ ማለት በጎቿን በወጥ ቤት መስኮት እያዩ መዋል ማለት ነው። ሰኞ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል።

የዚያኑ ዕለት ቁራጭ የፕላስቲክ ቱቦ የነዳጅ መስጫዋ ምላስ ላይ ሰክታ አስረዘመቻት። መግፋቱ ቀለል አለ፤ ግን ቱቦው የኮቷን እጅጌ ያዘና ሞተሩ አጥሩ ላይ ሊሰካት ለጥቂት ተረፈች። አውልቃ ጣለችው። ጎረቤቷ በስልክ "ሞላውን በለስላሳ ለውጪው" አላት። አመስግናው ስልኩን ዘጋች፤ ምክሩን ግን አልተቀበለችም። ጣት ሲለቅ ምላሷን መልሶ ሞተሩን የሚገታው እኮ ያው ሞላ ነው፤ እሱ ከሰነፈ ቁልቁለት ላይ ማን ያቆማታል?

ዓርብ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሳ መጋዘን ውስጥ ላዩ ላይ ተቀመጠችና ምላሷን ትገፋ፣ ትለቅ ጀመር። ትገፋለች፣ ትለቃለች። አንድ ነገር ዓይኗ ገባ። ምላሷ ስትለቀቅ ፈጥና መመለስ ሲገባት፣ እንቅልፏን ያልጠገበች ይመስል እየተጎተተች ነው የምትመለሰው።

"ቆይ እስቲ" አለች ለራሷ። "መግፋት ያቃተው ጣቴ ነው እንበል። ስትመለስ ግን ጣቴ መቼ ይነካታል?"

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ንዴቱን ረሳችው። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ስታሞቀው ተመልሳ ሞከረች፤ ምላሷ ፈጠን ብላለች። ችግሩ፣ ጣቷም እኩለ ቀን ላይ ይፍታታል። ታዲያ የተሻለው የትኛው ነው? ራሷን ስታክ ዓይኗ ግልገል የሚመዘንበት ባለ መንጠቆ ሚዛን ላይ አረፈ። ሚዛን ቁርጥማት የለበትም።

ቅዳሜ ሲነጋጋ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። መንጠቆውን የነዳጅ መስጫዋ ምላስ ላይ አስገብታ ሳበች፤ ሦስት ኪሎ። እኩለ ቀን ላይ ደገመችው፤ ሁለት እንኳ አልሞላም። ብቻዋን ሳቀች። ጣቷ በሐሰት ሲከሰስ ከርሟል!

ካቻቢቴና ፒንሳ አምጥታ፣ ከምላሷ ወደ ሞተሩ የሚወርደውን፣ በላስቲክ ቱቦ ውስጥ የሚሄደውን የሽቦ ገመድ፣ ካቮውን ፈታችው። ከሚስማር ላይ ሰቅላ በላይ አፉ ላምባ ጠብ ጠብ ታደርግበት ጀመር። ብዙ ጠበቀች። በመጨረሻ ከታች በኩል ቢጫ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ወጣ፤ ሰም ይመስላል። በጣቷ ነክታ አሸተተችው። በግ በግ ይሸታል።

የሱፍ ቅባት! ሊንዚ በየዓመቱ ሸላቾቹ የሸለቱትን ሱፍ አጥቦ የሚወጣውን ቅባት በቆርቆሮ ያጠራቅማል፤ ለጫማው እሱን፣ ለበሩ ማጠፊያ እሱን፣ ለተሰነጠቀ እጁም እሱን ነው የሚቀባው። ካቮውን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ገሰገሰች።

"አንተ! እዚህ ውስጥ ምን ጨመርክ?"

ሊንዚ ከድንች ልጣጩ ቀና አለ። "ቅባት ነዋ። ምድጃ ላይ አሙቄ፣ ውሃ ሲሆንልኝ አፈስበታለሁ።"

"መቼ መቼ?"

"ምላሷ ጠነከረችብኝ ባልሽ ቁጥር። ይኸው ሁለት ዓመቴ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን እነግርሻለሁ? ትስቂብኛለሽ።"

ካቮውን አገላብጣ አየችው። ሲሞቅ የፈሰሰው በውርጩ ይረጋል፤ እሷ ስታማርር እሱ ይጨምራል፣ እሱ ሲጨምር እሷ ታማርራለች። ሲያዝንላት ነበር የደፈነባት። ቁጣዋ ሁሉ ወደ እንባ ሊለወጥባት ሲል ፈጥና ወደ መጋዘኑ ተመለሰች።

ካቮው የጠራ ላምባ እስኪተፋ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት አጠጣችውና ቦታው መለሰችው። መሪውን ግራና ቀኝ እያዞረች ምላሷን ገፍታ ለቀቀቻት፤ ጧ ብላ ተመለሰች። ደጋግማ ለቀቀቻት፤ ሁልጊዜም ጧ።

እሑድ ማለዳ ከባድ ውርጭ ነበር። ዙሩን ጨርሳ፣ ሁለት የተገለበጡ በጎች አንስታ፣ አንዲቱን አዋልዳ ስትመለስ ሊንዚ ምርኩዙን ይዞ መጋዘን ደጅ ቆሞ ጠበቃት። ሞተሩን አጥፍታ፣ ትናንት ሲነጋጋ ሦስት ኪሎ እንደነበረ ነግራ ሚዛኑን ከመጋዘን አውጥታ ሰጠችውና ምላሷን ራሱ ሳበ።

"አንድ ኪሎ" አለ። መንጠቆውን ነቅሎ ሚዛኑን መለሰላት። "ሁለቱን ኪሎ የጫንኩብሽ እኔ ነኛ፣ እታለም።"

"አንተ ነህ።"

"ፍርዱንም የሰጠሁት እኔው ነኝ።" ወደ ቤት ገብቶ ስልኩን አነሳ። "ለሰውዬው እንዳይመጣ ልንገረው።"

ኤልስፔት ተከትላው ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አሸንፋለች፤ እሱም አምኗል። ጓንቷን አውልቃ ግን ቀኝ አውራ ጣቷን በግራ እጇ አሸችው።

"ሊንዚ፣ ቆይ። አትደውል።"

"ምነው?"

"አንድ ኪሎዋም ታመኛለች።"

ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች ምላስ ስታማርር፣ ሞተሩን ስትራገም፣ እጄ ደከመ ብላ አታውቅም።

"ጠዋቱ የእኔ ነው፤ እሱን ለማንም አልሰጥም" አለች። "የከሰዓቱን ዙር ሰውዬው ይያዝልኝ።"

ሊንዚ ስልኩን መለሰ። ሻይ ቀዳና ስኒውን በግራ እጇ በኩል አስቀመጠላት።