ቢምቢ የማይገባበት ቤት

ወንድሜ ሙስአብ ቤቱን ሠርቶ ሲጨርስ መጀመሪያ ያሳየኝ ሳሎኑን ወይም መኝታ ቤቱን አይደለም፤ የበሩን ጎማ ነው። «ናሲር፣ እስቲ ዝጋውና ጣትህን በዳር በዳሩ አስኪድ። ንፋስ ካገኘህ ቤቱ ያንተ ነው» አለኝ። አስኬድኩት፤ ንፋስ የሚባል ነገር የለም። እኔ ታይዋን ገበያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አለኝ፤ ዕቃ ማሞገስ ሥራዬ ነው። ግን የገዛ ዕቃዬን እንኳ እንደዚህ በፍቅር አሞግሼ አላውቅም። «ይሄማ ፍሪጅ ነው፤ ወተት ልታስቀምጥበት ካልሆነ ሰው ምን ይሠራበታል?» ብዬ ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ፤ ግን አልሰማኝም።

ሙስአብ ሲቪል ኢንጂነር ነው። የድሬዳዋ ሙቀት በብሎኬትና በቆርቆሮ አይሸነፍም ባይ ነው። የእሱ ቤት ግድግዳ በሁለት ስስ ብረት መሃል ስንዝር የሚያህል ፎም የተጠቀጠቀበት ፓኔል ነው። መስኮቱ ድርብ መስታወት፣ ዙሪያው ጎማ። አየር የሚገባው በአንድ ማሽን ብቻ ነው፤ ማሽኑ ከውጭ ይስባል፣ ያጣራል፣ አቀዝቅዞ ይረጫል፣ የቆየውን ያስወጣል። «የቤቱ ሳንባ» ይለዋል።

«መብራት ሲጠፋስ?» አልኩት። ድሬ የኖረ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ነው።

«ባትሪው ጅቡቲ ደርሷል። እስኪገባ ድረስ መስኮት መክፈት ነዋ፤ አቦ አትነጅሰኝ!»

ሰዎች ሲያዩት የሙቀት ጠላት ይመስላቸው ነበር። እኔ ግን ጠላቱን አውቀዋለሁ፤ ቢምቢ ነው። ቢምቢ ያመጣችው ትኩሳት ሰፈሩን በሙሉ አልጋ ላይ ያዋለችበት ጊዜ፣ ሚስቱ ዊዳድ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። አባታችን በተዉልን የድንጋይ ቤት ውስጥ ተኝታ ተንቀጠቀጠች፤ ጽንሱም ወረደ። ሙስአብ አላለቀሰም። የእጅ ባትሪ ይዞ የቤቱን ስንጥቅ ሁሉ ሲያይ ዋለ፤ በኮርኒሱ፣ በበሩ ሥር፣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መሃል። ያ ቤት ወንፊት ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሙስአብ ቀዳዳ ሲያይ ደሙ ይፈላል። ዊዳድ ዳግመኛ ስታረግዝ አዲሱን ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ አቆመው። ሌላ ልጅ ለቢምቢ እንደማይሰጥ ምሎ ነበር፤ ቃሉንም ጠበቀ።

ዊዳድ ወንድ ልጅ ወለደች። በሰላም ተገላገለች፤ አልሃምዱሊላህ ብለን አረድን፣ ጎረቤት በላ። እናቷ እማ ናፊሳ ሊያርሷት ከሐረር መጡ። ገና ጫማቸውን ሲያወልቁ ትከሻቸውን አቀፉና «ይሄ ቤት ነው ወይስ የሥጋ ማስቀመጫ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ጠባቸው ከማሽኑ ጋር ሆነ። አራስን ብርድ ከገባት ዕድሜ ልኳን ወገቧን እንደምትይዝ እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ። ውጭው አስፋልት የሚያቀልጥ ፀሐይ፣ ውስጡ ብርድ! እማ ናፊሳ ማሽኑን ያጠፋሉ፤ ሙስአብ ከሥራ ሲመለስ ያበራል። ዊዳድ በሁለቱ መሃል ፈገግ ብላ ብርድ ልብሷን ትስባለች። ማንንም ማስቀየም የማትወድ ልጅ ነበረች።

ያን ቀን ከዙህር ሰላት በኋላ መብራት ጠፋ። ማሽኑ ቆመ፤ የጎረቤት ጭማቂ ቤት ጄኔሬተር ደግሞ ተነሣ። እማ ናፊሳ እሰይ ሳይሉ አልቀሩም። ቤቱ ግን የያዘውን ቅዝቃዜ አይለቅም፤ ሙስአብ የሚኮራበትም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ጓሮ ወጥተው ከሰል አቀጣጠሉ። ጠንቃቃ ሴት ናቸው፤ ጭሱ ተሟጦ እስኪያልቅ አራገቡት፣ ፍሙ ቀልቶ ሲጠራ ብቻ ምድጃውን በጨርቅ ይዘው ገቡ። አራሷ አልጋ አጠገብ አኖሩት። ጭስ የሌለው ፍም ምን ያደርጋል? ሁላችንም በዚህ ነው ያደግነው፤ በዚያ ወንፊት ቤት ውስጥ ማንንም ገድሎ አያውቅም። ዊዳድ ሞቃት፣ ዓይኗም ተከደነ። እማ ናፊሳ ሕፃኑን አቅፈው፣ ብርድ እንዳይገባ በሩን ግጥም አድርገው፣ ልጁን ዘይት እንድትቀባላቸው ወደ ጎረቤታችን ወደ ሁዶ ቤት ሄዱ። ይህን ሁሉ የሰማነው ኋላ ነው።

እኛ በዚያ ሰዓት በቤቱ ሌላ ጎን ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን በርጫ ላይ ነን። ሙስአብ እንግዳ ነበረው፤ ኒቆዲሞስ የሚባል የከዚራ ሰፈር ሰው፣ አያቱም አባቱም የባቡር ሠራተኛ የነበሩ። የወረሰው ቤት ጣሪያው አርጅቶበት፣ የሙስአብን ዓይነት ሊሠራ አስቧል። እሱ አይቅምም፤ ለስላሳውን ይዞ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ይመረምራል። ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጥቻለሁ። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር፤ በዚያ ሐሩር ወንድሜን ለመጀመሪያ ጊዜ በልቤ አደነቅኩት።

«ውስጡን ላየው እችላለሁ?» አለ ኒቆዲሞስ።

«ዛሬ አይሆንም ወንድሜ፤ አራስ አለች» አለ ሙስአብ።

«ውይ! ይቅርታ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት» አለና ወዲያው ተወው። ባዕድ ወንድ አራስ ቤት አይገባም፤ ክርስቲያንም እስላምም ይህን ያውቃል።

ሙስአብ ግን እንግዳው ባዶውን እንዲመለስ አልፈለገም። ተነሣና ግድግዳውን በቡጢ ደበደበው። «ይኸው! ከውስጥ ይሄን ማንም አይሰማም። ያ ጄኔሬተር ለእኛ ጆሮ ይበጥሳል፤ ለእሷ ግን የለም። ከውስጥም ብትመታው እኛ ጋ አይደርስም።»

«ታዲያ ሚስት ስትጣራ በምን ይሰማል?» አለ ኒቆዲሞስ።

«ያ ነዋ ጥቅሙ!» አልኩ እኔ። ሦስታችንም ሳቅን። ያን ሳቅ አሁንም እጠላዋለሁ።

የዐስር ሰላት ሲቃረብ እማ ናፊሳ የሚያለቅሰውን ሕፃን ይዘው መጡና ለሙስአብ አቀበሉት። «ርቦታል፤ ለእናቱ ስጣት። እኔ ለሰላት ውዱእ ላድርግ» አሉ። ሙስአብ ልጁን ይዞ ዞረ፣ በሩን ከፍቶ ገባ። በሩ የራሱ መመለሻ ስላለው ከኋላው ተዘጋ፤ የልጁ ለቅሶም አብሮ ተቆረጠ።

ቆየ። ኒቆዲሞስ ስለ ፓኔሉ ውፍረት ይጠይቀኛል፤ እኔ የማላውቀውን እመልሳለሁ። ሙስአብ ሲወጣ ልጁን በአንድ እጁ ደረቱ ላይ ለጥፎት ነበር። ፊቱ አመድ መስሏል። «መኪና» አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ሮጬ ገባሁ። ዊዳድ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተኝታለች፣ ብርድ ልብሱ እስከ ደረቷ ተስቦላታል። ጉንጯ ቀልቶ ጤነኛ ትመስላለች። ስሟን ጠራሁ፤ አልመለሰችልኝም። ክፍሉ ምንም አይሸትም፤ ግን ጥቂት ስቆይ ራሴን እንደ መዶሻ መታኝ። ምድጃው አጠገቧ ነው፤ ስልኳ ሳሎን ውስጥ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ። በኒቆዲሞስ መኪና ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ብዙም አልነካካትም። የከሰል ጋዝ መሆኑን፣ ሽታ እንደሌለው፣ አየር በሌለበት ክፍል በፍጥነት እንደሚገድል ነገረን። ሙስአብ «አየር በሌለበት» የሚለውን ቃል ደገመው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂኡን።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ለወንድሜ የደረሰበት ግን ያልፈራው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ሁዶና ሌሎች ሴቶች ጀናዛውን አጠቡ፤ ቀበርናት። ድንኳን ውስጥ ሰው ሞላ፤ ስለ ቤቱ አንድም ሰው አላነሣም፤ ግን የማያየው አልነበረም። ኒቆዲሞስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ቀና አላለም። ከሴቶቹ በኩል የእማ ናፊሳ ድምፅ ብቻ ይሰማል። «ጭስ አልነበረውም! ወላሂ ጭስ አልነበረውም! ልጄ ተሰቃይታ ይሆን?» የመጣውን ሁሉ ይጠይቃሉ። ሰው ሁሉ «ሙስአብ እኮ ነገረሽ፤ በእንቅልፏ ነው የሄደችው» ይላቸዋል። እሳቸውን በሕይወት ያቆማቸው ያቺ ቃል ብቻ ነበረች።

ከሰዓት ላይ ሁዶ በምልክት ወደ በሩ ጠራችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«ዋርያ ናሲር፣ ለማን ልንገረው? አንተ ትልቃቸው ነህ።» ዙሪያዋን አየች። «ሳጥባት፣ የቀኝ እጇ አንጓዎች ተልጠዋል። ቆዳው ሄዷል። ጠንካራ ነገር ስትደበድብ እንደቆየች ሁሉ።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም። ሌሎቹ ሳያዩ በከፈኑ ቶሎ ሸፈንኩት።»

«በአላህ ይዤሻለሁ ሁዶ፣ እማ ናፊሳም ሙስአብም እንዳይሰሙ። ቢሰማ ይሞትብኛል።»

ማለችልኝ።

ስመለስ ሙስአብ ከድንኳኑ ወጥቶ አዲሱ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። የበሩን ጎማ በቢላ እየፋቀ ያነሣል፤ ጠቅላላውን ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። ልጁ ጭኑ ላይ በፎጣ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«ሁዶ ምን አለችህ?» አለኝ ቀና ሳይል።

ሱቅ ውስጥ ስንት ውሸት ዋሽቻለሁ፤ እንደዚህ የከበደኝ የለም። «ፊቷ ሰላም ነበር አለችኝ። ምንም ሳታውቀው ነው የሄደችው፤ ተኝታ።»

ቢላውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ።

«ደግ አደረግህ» አለኝ። «እኔም ለእናቷ እንደዚያው ነው ያልኳቸው።» የልጁን ፎጣ አስተካከለ። «አልጋው ላይ አልነበረችም ናሲር። ወለሉ ላይ ነበረች፤ እኛ ስንስቅ አንተ በተደገፍክበት ግድግዳ ሥር። አንስቼ አልጋዋ ላይ ያስተኛኋት እኔ ነኝ።»