የሳቱርኒኖ ፋኖስ

ኔሊዳ ፓኒሬ በዛሬው ስርጭት የሚነበበውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሁለተኛው ላይ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

«ይህን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኛ፣ ኔሊታ» አለ ማውሪሲዮ ሬታማል፣ በስቱዲዮው መስታወት ፀጉሩን እያስተካከለ። «ምነው፣ የፊደል ግድፈት አገኘሽበት?»

ወረቀቱ፣ «የበረቱን ፋኖስ ምሳሌ እኔው ራሴ የቶኮንሴን እረኞች በገዛ ቋንቋቸው በኬችዋ አነጋግሬ ሰበሰብኩት» ይላል።

ማውሪሲዮ ኬችዋ አይችልም። ካላማ ከተማ ባለው ራዲዮ ጣቢያ፣ ሁለቱ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አንድ ፕሮግራም ሲያቀርቡ ኖረዋል። በረሃው ላይ የተተከሉት ትልልቅ ቴሌስኮፖች በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ የሚዞሩ ፕላኔቶችን እንዴት እንደሚፈልጉ ያወራሉ። እሱ በስፓኒሽ ይናገራል፣ እሷ ተከትላ በኬችዋ ትደግማለች። ፕላኔቱን ኮከብ ሲለው፣ ሺውን ሚሊዮን ሲያደርገው፣ እሷ በኬችዋው ዝም ብላ ታርምለታለች። የተራራው ሕዝብ ማውሪሲዮን እንደ ሊቅ የሚያየው በእሷ አፍ ነው።

ፋኖሱ ደግሞ የአባቷ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት አድማጩ፣ «ዓይን ያላየውን ፕላኔት አገኘን የምትሉት ሞኝ ስታገኙ ነው» እያለ ሲያፌዝባቸው፣ ኔሊዳ መቅረጫዋን ይዛ ተራራው ላይ ወዳለችው መንደር ወደ ቶኮንሴ፣ አባቷ ዘንድ ወጣች። ያን ቀን በጣቢያው መኪና ያደረሳት ማውሪሲዮ ነበር። አዛውንቱ ሳቱርኒኖ ዓይናቸው ደክሟል። ሲመሻሽ ከበረቱ በር ወዲህ ይቀመጣሉ፤ ወዲያ ማዶ የድንጋዩ አጥር ላይ ፋኖስ ያስቀምጣሉ፤ የግመል ዘመድ የሆኑት ላማዎቻቸውም በመሀል ያልፋሉ።

«ላማዎቹን አላያቸውም» አሏት። «ፋኖሱን ነው የማየው። ድብዝዝ ባለ ቁጥር አንዱ አለፈ ማለት ነው። በጣም ከደበዘዘ ትልቅ ነው፤ ትንሽ ከደበዘዘ ግልገል። ሊቃውንቶችሽም ኮከቡን እያዩ ይህንኑ አይደል የሚያደርጉት? ታዲያ ምኑ ነው የገረማችሁ?»

ይህ በተላለፈ ማግስት ድፍን ተራራው የፕላኔት ፍለጋው ነገር ገባው። ማውሪሲዮም ገባውና መጽሐፍ ጻፈበት። ሳቱርኒኖ ባለፈው ክረምት ሞቱ። መጽሐፉ ውስጥ ስማቸው የለም። ዛሬ መጽሐፉ በቀጥታ ስርጭት ሊሸለም ነው፤ ከዋና ከተማ የመጡት የውድድሩ ዳኛ፣ ዶኛ ወይም ወይዘሮ ሂሜና፣ ሽልማቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠዋል።

«የአባቴ ስም የታለ?» አለች ኔሊዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«እረኞች ብያለሁ አይደል? እሳቸውስ እረኛ አልነበሩም?»

«እረኛ ስም የለውም?»

«ኧረ በናትሽ፣ አድማጭ ስም አይዝም። ይልቅ ፈገግ በይ፣ እንግዳ አለን።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ይሄኛው ግን መውጋቱንም አላወቀም፤ ኔሊዳን ያንገበገባት ይሄ ነው። መጽሐፉ የወጣ ሰሞን ለጣቢያው ኃላፊ አመልክታ፣ «ሐሳብ የሁሉም ነው» ተብላ ተመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ስቃ ስታስተናግደው፣ ለመጽሐፉ ኬክ ሲቆርስ ስታጨበጭብለት ከርማለች። የምትፈልገው ይቅርታ አልነበረም። ሰው ፊት በእፍረት ሲቃጠል ማየት ነበር የምትፈልገው።

ለዚህም ስትል ሳምንቱን ሙሉ ስድብ ስታዘጋጅ ሰነበተች። በኬችዋ ሌባ ስትለው እሱ ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ ሲል ታይቷት፣ ሽንኩርት እየከተፈች ብቻዋን ስቃለች። ሐሙስ ዕለት ግን የድሮውን የአባቷን ቅጂ ከሳጥን አውጥታ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፤ ስድቡን ሁሉ ተወችው።

ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ገባች። የድምፅ ባለሙያው ዋልዶ ሳንድዊቹን እየገመጠ ነበር። እናቱ የቶኮንሴ ሰው ናት፤ ኬችዋ ይሰማል።

«ዛሬ የምጀምረው እኔ ነኝ» አለችው። «ሰላምታዬን እንደጨረስኩ ይህን አጫውትልኝ።» ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ስፓኒሽ ነው እኮ የሚቀድመው!»

«ስድስት ዓመት ቀድሟል። አንድ ቀን ቢከተል አይሞትም።»

«ያባርሩኛል፣ እትዬ ኔሊዳ።»

«ለበዓሉ ያዘጋጀችው ነው በላቸው። አልዋሸህም፤ የኔ በዓል ነው።»

ዋልዶ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ፍላሹን ሰካው። «እናቴ ቤት ራዲዮው ክፍት ነው» አለ።

ቀዩ መብራት በራ። ኔሊዳ ማውሪሲዮን ቀድማ በኬችዋ ሰላምታ ሰጠች፤ ያባቷን ስምና የተቀረጹበትን ቀን ተናገረች። ማውሪሲዮ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ነገር ግን እንግዳ ፊት ነውና ፈቃዱን እንደሰጠ ሰው እጁን ዘረጋ። የሳቱርኒኖ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ፋኖሱን ተናገሩ፣ ላማዎቹን ተናገሩ። ከዚያ በራዲዮ ተላልፎ የማያውቀው የመጨረሻው ክፍል መጣ፦ የሆነ ነገር ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ኔሊዳ አባቷ ናፈቋት።

ቅጂው ሲያልቅ በስፓኒሽ፣ «ክቡራን አድማጮች፣ እኚህን ሰው በገዛ ቋንቋቸው ያነጋገረው ባልደረባዬ ነው። ምን እንዳሉ እሱ ይንገራችሁ» አለችና ማይኳን ዘጋች።

ማውሪሲዮ ደንገጥ አለ፤ ወዲያው ግን ተቃና። የፋኖሱን ነገር ከመጽሐፉ በቃሉ ያውቀዋል፤ እንደ ውኃ አወረደው። ኔሊዳ ሲያመልጣት ታያት።

«እንዴት ደስ ይላል!» አሉ ዶኛ ሂሜና። «መጨረሻ ላይ የሳቁትስ ምን ብለው ነው? ማውሪሲዮ ሲሉ የሰማሁ መሰለኝ። ስምዎን ጠርተዋል ልበል?»

«አዎ... አዎ፣ ጠርተውኛል።» ውኃ ጠጣ። «እያመሰገኑኝ ነው። ያን ሁሉ መንገድ መጥተህ አጠገቤ ስለተቀመጥክ ተባረክ ነው የሚሉት።»

መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ዋልዶ ሳንድዊቹን ጣለና አፉን በሁለት እጁ ያዘ። የስልኮቹ መብራት ተራ በተራ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ፤ ተራራው ሰምቷል።

ዶኛ ሂሜና ስልኮቹን አዩ፣ በሳቅ የሚንቀጠቀጠውን የዋልዶን ትከሻ አዩ፣ ወደ ኔሊዳም ዞሩ። «እንደሱ ነው ያሉት?»

ማውሪሲዮ ግንባሩን አላበው። ማይኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ «ኔሊዳ» አላት፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ኔሊታ ብሎ ስሟን ሳያሳንስ ሲጠራት ይህ የመጀመሪያው ነው። «እንደ ሁልጊዜው አስተካክይልኝ። በእግዚአብሔር።»

ማስተካከል ትችል ነበር። አንዲት ለስላሳ ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፤ ስንቱን እንደዚያ አሳልፋለታለች። ጣቷን ማብሪያው ላይ አድርጋ አየችው። ማይኳን ስትከፍት ማውሪሲዮ በረዥሙ ተነፈሰ።

«ቃል በቃል ልተርጉመው» አለች። «እንዲህ ነው የሚሉት፦ ያ ማውሪሲዮ ዛሬም ከመኪናው አይወርድም? ላማ አይናከስም በይው። ቢበዛ ቢበዛ ይተፋል።»

ዶኛ ሂሜና ሽልማቱን ከጭናቸው አንስተው ቀስ ብለው ወደ ቦርሳቸው መለሱት።

«የተናጋሪው ስም ሳቱርኒኖ ፓኒሬ ነው» አለች ኔሊዳ። ከራሷ የጨመረችው ይቺን ብቻ ነው።