የታመመችው ቦታ

ዱሬቲ የኮምፒዩተሩን ክዳን አንስታ ጥቋቁሮቹን የማስታወሻ ቺፖች በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ እየተጫነች ነበር። ሙቀት ሲያላላቸው ከመቀመጫቸው ብቅ ይላሉ፤ ተጭኖ መመለስ የዘወትር ሥራዋ ነው። የቆርቆሮው ጣሪያ በከሰዓቱ ፀሐይ ይንጣጣል። ክዳኑን ሳትገጥም ማሽኑን አስነሳችው። ጥቂት ሠራና፣ እንደ ትናንቱ ሁሉ፣ ቀጥ አለ።

«ዛሬም አረፈ?» አሉ አቶ ደግፌ በበሩ ብቅ ብለው። የአውራጃው ዝናብና ሰብል የሚመዘገብበት የዚህ ቢሮ ኃላፊ ናቸው።

«ዛሬም ጋሼ።»

«እንግዲህ ነገ ሹፌሩ ወሰኑ መኪና ይዞ ይመጣል። ማሽኑ አዲስ አበባ ይገባል፤ አንቺም አብረሽው እዚያው ትሠሪያለሽ። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር፣ ጓድ ዱሬቲ!»

«እስከ ነገ ከሰዓት ይስጡኝ።»

«ለማሽኑ ነው ለመስኮቱ?» ብለው ሳቁ። ፊቷን ሲያዩ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሺ፣ ኢንተላ ኮ፣ እሺ ልጄ። እስከ ነገ ከሰዓት።»

የመስኮቱን ነገር ቢሮው ሁሉ ያውቃል። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ የሚቆምበት ሜዳ ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል። እጮኛዋ ኤጄታ ለሬዲዮ ሥራ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሲወሰድ እዚያው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ «ስመለስ፣ ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ቀና ብዬ የማየው ያንን መስኮት ነው» ብሏት ነበር። ደብዳቤው ከተቋረጠ ሁለተኛው ክረምት አልፏል። እሷ አዲስ አበባ ብትሄድ፣ ቀና ሲል ማንን ያያል?

የማሽኑን ዋና ፕሮግራም የጻፈው ኤጄታ ነው። ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳውን፣ ለሌላው ሥራ ሁሉ ቦታ የሚያድለውን ክፍል «እምብርት» ይለው ነበር። በማሽኑ ማስታወሻ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን አንዲት የምስክር ምልክት ትቀመጣለች። ቁጥሩና ምስክሩ ካልተስማሙ እምብርቱ ሁሉን ያቆማል።

«ከሚዋሽ ዝም ይበል» ይል ነበር ኤጄታ።

«ለአንዲት ክፉ ቦታ ተብሎ ቤቱ ሁሉ ይዘጋል?» ትለው ነበር።

«አንቺ ደግሞ! ስመለስ አብረን እናስተካክለዋለን።»

ስለዚህ እምብርቱን ነክታው አታውቅም። ለብቻዋ መንካት «አልጠብቅህም» እንደማለት ይመስላታል። አሁን ግን እዚሁ ሆና እንድትጠብቀው፣ «አብረን» ያለውን ያለ እሱ መሥራት ሊኖርባት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ ቆየች። የአባቷ የኦቦ ተሬፋ ማሳ ትዝ አላት። ጎጆ ከተማ አጠገብ፣ በገብሱ መሐል፣ በሬ የሰመጠባት ማጥ ነበረች። አባቷ ዳርና ዳሯን ችካል ተክለው ዙሪያዋን ያርሳሉ። በሬዎቹም ለምደውት ያለ ጅራፍ ይዞሯታል።

መጻፍ ጀመረች። እምብርቱ ሲነሳ ቦታዎቹን ሁሉ ይሞክር፤ ቁጥር ሰጥቶ መልሶ ይቀበል። ቁጥሩን ያዛባችዋ ቦታ ላይ ችካል ይትከልባት፤ ለማንም አያድላት። በሥራ መሐል የታመመች እንደሆነ፣ የያዘችው ነገር ዲስክ ላይ ቅጂ ካለው ከዚያ አምጥቶ ሌላ ቦታ ያኑረው። ቅጂ ከሌለው ያንን አንድ ሥራ ብቻ ያቁም፤ ሌላው ይቀጥል።

አንድ ነገር ቀረ። የታመመችው ቦታ እምብርቱ ራሱ ያረፈባት ብትሆንስ? ለዚያ መዞሪያ አልተገኘላትም። ኤጄታ የጻፋትን «ሁሉን አቁም» የምትለዋን መስመር ለዚያ ጊዜ ብቻ ብላ እንዳለች ተወቻት።

ወሰኑ ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ። «አካም ጅርታ፣ ዱሬቲ! ታማሚው ተነሥቶ ይሄዳል ወይስ እንሸከመው?»

«ነጋያ፣ ደህና ነኝ። ተቀመጥ፤ ጣሪያው ይሙቅና እናያለን።»

«ጣሪያ እስኪሞቅ የሚጠበቅ ሥራ ዛሬ ገና አየሁ!»

ጣሪያው ሞቀ፤ ይንጣጣም ጀመር። የእንጭኒ የዝናብ ቁጥሮች በስክሪኑ ላይ እየወረዱ ሳለ ድንገት ቆሙ። ዱሬቲ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። የታመመችዋን ቦታ ቁጥር የምትጠራ አንዲት መስመር ስክሪኑ ላይ ወጣች። ከዚያ ቁጥሮቹ መውረዳቸውን ቀጠሉ።

«ዳነ?» አሉ አቶ ደግፌ።

«አልዳነም ጋሼ። ቦታዋ እንደታመመች ናት። እሷን ዞሮ ማለፍ ቻለ እንጂ።»

አቶ ደግፌ ማሽኑን ሳይሆን መስኮቱን አዩ። «ወሰኑ፣ ገመድህን ጠቅልል።»

«ባዶዬን ልመለስ?»

«ድንች ጫን!»

እየተጨቃጨቁ ወጡ። የአውቶቡሱ ጡሩንባ ሲሰማ ዱሬቲ ወደ መስኮቱ ሄደች። ልጅ ያዘለች ሴት ወረደች። ፍራሽ የተሸከመ ሰው ወረደ። አንድ ወታደር በክራንች ወርዶ ዙሪያውን ቃኘ፤ ቁመቱ ግን አጭር ነበር፤ ኤጄታ ረጅም ነው። ረዳቱ በሩን ዘጋ። ሜዳው ላይ ሰው እስኪጠፋ ቆመች፤ ምናልባት ዘግይቶ ቀና የሚል ቢኖር።

ከዚያ ተመልሳ የማሽኑን ክዳን ገጠመች። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች፤ ካቻቢቴውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ መሳቢያውን ዘጋችው።