በፈቲሀ ስልክ ውስጥ የነበረው

ጠበቃ ዓለምዘውድ የዚያን ቀን ቸኩሎ ነበር። ቸኩሎ ነበር ስላችሁ ሰበብ የምፈልግለት እንዳይመስላችሁ፤ ሰውየው ሁልጊዜም ቸኩሎ ነው። ቡታጅራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ጥብቅና ሲሠራ አንድም ቀን ሻዩን ቁጭ ብሎ ሲጨርስ ያየው የለም። ወልቂጤ ሌላ ቀጠሮ ነበረው፤ ሚኒባሱ ሊሞላ ሁለት ሰው ብቻ ቀርቶት ሾፌሩ ጥሩምባውን ያስጮኸዋል። ደንበኛው ፈቲሀ የደረሰችበት እዚያው መናኸሪያው በር ላይ ነው።

ፈቲሀ የመስቃን ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እሷንም ልጆቿንም የሚያኖራቸው አንድ የበርበሬ ወፍጮ ነው። ወፍጮውን የገዛው ቆሼ ከተማ ላይ በርበሬ የሚነግደው የባሏ ወንድም ሙንታሲር ነው። ወንድሙ በሞተ ሰሞን በኢሞ ድምፁን ቀርጾ ላከላት፤ «ፈቲሀ፣ ወፍጮው ከዛሬ ጀምሮ ያንቺና የልጆችሽ ነው፤ ሀላል ብያለሁ» የሚል። ዘንድሮ ወፍጮው ገበያ ሲደራለት ጊዜ ግን ሐሳቡን ለወጠና «በአደራ የተውኩትን ዕቃዬን ትመልስልኝ» ብሎ ከሰሳት። ዓለምዘውድ ድምፁን በፍላሽ ገልብጦ ለፍርድ ቤቱ አቀረበ። ሙንታሲር የገዛ ድምፁን ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «የኔ አይደለም፤ ዛሬ እኮ ኮምፒውተር የማንንም ድምፅ ይሠራል» አለ! ዳኛውም መልእክቱ የገባበት ስልክ ራሱ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይቅረብ ብለው አዘዙ። ፈቲሀን እንቅልፍ የነሳት ይህ ትእዛዝ ነው።

«አቶ ዓለምዘውድ፣ አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለች፣ ስልኩን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና ይዛው። «እዚህ ውስጥ የኔም የልጄም ፎቶ አለ። የእህቴ ሰርግ ላይ ሴቶች ብቻ ሆነን፣ ፀጉራችንን ገልጠን የተነሳነው። ፍርድ ቤት የሚከፍቱት ወንዶች ናቸው። ወላሂ እሱን ከሚያዩብኝ ወፍጮው ቢቀርብኝ ይሻለኛል።»

«ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የምትጨነቂው? የግል የግልሽን አጥፊውና ስልኩን ይዘሽ ነይ።»

«ማጥፋት ይቻላል?»

«አጥፊው አልኩሽ እኮ!» አለና ሚኒባሱ ውስጥ ዘሎ ገባ። አይዞሽ ያላት መስሎት ደስ እያለው ነበር የሄደው።

የቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ ችሎት እስኪጀመር ሲጠብቁ ስልኩን ተቀብሎ ከፈተው። ባዶ ነው። ኢሞው የለም፣ የተጻጻፉት የለም፣ ቀን የለም፣ የላኪ ስም የለም። አንድ የድምፅ ፋይል ብቻ ቁጭ ብሏል።

«ፈቲሀ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«እርስዎ እንዳሉኝ ነዋ። ስልክ ጠጋኙ ሙስተፋ ጋ ወሰድኩት። አንድ በአንድ ላጥፋልሽ ቢለኝ ፎቶዎቹን ሊያይ ነው ብዬ እንቢ አልኩ። እንግዲያው ፎርማት ላድርገው አለኝ፤ አደረገው። ድምፁን ግን አልነካነውም፤ አስቀድሞ ሚሞሪ ላይ አስቀመጠልኝ» አለችው። ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር፤ በደንብ የታዘዘች መስሏታል።

ድምፁ ከሙንታሲር ስልክ መምጣቱን፣ በየትኛው ቀን መምጣቱን የሚያሳየው ሁሉ ጠፍቷል። ከዚያ የባሰው ደግሞ፣ ፍርድ ቤት አቅርቡ ያለውን ዕቃ አጥፊ ያለው ራሱ ጠበቃው ነው። ይህ ከታወቀ የጥብቅና ፈቃዱ ምን ሊሆን ነው? ሃያ ሁለት ዓመት! ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ከጠየቁሽ የኔን ስም አታንሺ። ለጉዳያችን አይበጅም።»

ለጉዳያችን አለ፣ አያፍርም! የፈራው ለራሱ ነበር፤ እሱም ያውቀዋል። እሷ ግን አምናው ራሷን ነቀነቀች።

የገበያ ቀን ስለነበር ችሎቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሬጅስትራሩ ስልኩን አገላብጦ ባዶ መሆኑን ሲናገር የሙንታሲር ጠበቃ ዑራኤል ብድግ አለ። ዑራኤል ጥርሱን ሳያሳይ መሳቅ የሚችል ሰው ነው።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ይህ ስልክ ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ተጠርጓል። የቀረው ድምፅ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደሠራው አይታወቅም።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ ፈቲሀ፣ አጥፊው ያለሽ ሰው አለ?»

ፈቲሀ ወደ ዓለምዘውድ አየች። አንድ አፍታ ብቻ ናት። ዓለምዘውድ መዝገቡን ገለጠ፤ የሚነበብ ነገር እንዳለው ሁሉ ገጹን በጣቱ ተከተለ።

«የለም። እኔው ነኝ» አለች።

«ለምን? የምትደብቂው ምን ነበረሽ?»

«ፎቶ ነው።»

«የምን ፎቶ?»

እዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ምን ብላ ትናገር? ዑራኤል ዞር ብሎ ወደ ተመልካቹ አየና «እንግዲህ ለችሎት የማይቀርብ ፎቶ ከሆነ፣ እኛም አንጠይቅ» አለ። ከኋላ ወንበር አንዱ ሳቀ። ሳቁ ወደ ጎን ሄደ፣ ወደ ፊት መጣ፣ ቤቱን ሞላው። ፈቲሀ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ ሳበች። ዳኛው ጠረጴዛውን መትተው ዝም አሰኙና፣ ማስረጃ ያጠፋ ሰው የጠፋው ነገር የሚጎዳው ስለነበር ነው ተብሎ ሊገመትበት እንደሚችል አስጠንቅቀው ለሁለት ሳምንት ቀጠሩ።

ዓለምዘውድ ምን አለ? «ተቃውሞ አለኝ» ማለት እንኳ አቃተው።

በሳምንቱ ምሳ ላይ ሚስቱ ፀጋ «ያቺን የወፍጮዋን ሴትዮ ነገር ሰማህ?» አለችው። የሱ ደንበኛ መሆኗን አታውቅም። «ስልኳ ውስጥ የብልግና ፎቶ ተገኝቶባት ነው አሉ። ሴቶቹ በርበሬያቸውን ሌላ ወፍጮ እየወሰዱ ነው። ልጇ ናጃህም ትምህርት ቤት እየሰደቧት መሄድ ትታለች። ምን ዓይነቷ እናት ናት በል?»

እሷ እኮ ፀጉሯን ለመሸፈን ነው ይህን ሁሉ ያደረገችው! ሲነሳ ወንበሩን ገፍቶ ጣለው። «እንዲህ ያለ ፎቶ አልነበረም» አለ።

«አንተ በምን አወቅህ?»

በምን እንዳወቀ ሳይነግራት ወደ መታጠቢያው ሄደ። እጁን ታጠበ፤ መልሶ ታጠበ። ፀጋ ያመመው መስሏት ውሃ አመጣችለት።

ከዚያ ወዲህ ቢሮው ሲገባ መስታወት ላለበት ግድግዳ ጀርባውን ይሰጥ ጀመር። ፈቲሀ አንድም ቀን አልደወለችለትም፤ ብትሰድበው ይቀለው ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ጻፈ፣ ቀደደው፣ እንደገና ጻፈ።

በቀጠሮው ችሎቱ ጭር ያለ ነበር። ከተከራካሪዎቹ ሌላ አምስት ስድስት ሰው ቢሆን ነው። ዓለምዘውድ ሳይጠየቅ ተነሳ።

«የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ደንበኛዬን አጥፊው ያልኳት እኔ ነኝ። የግል ፎቶዎቿ የእሷና የዘመዶቿ ናቸው፤ ነውር የለባቸውም፤ ፀጉራቸውን አለመሸፈናቸው ብቻ ነው። ባለፈው ስትጠየቅም ስሜን እንዳታነሳ ያልኳት እኔ ነኝ።» የጻፈውን አቀረበ።

ዳኛው ልጁ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣት ናቸው። አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩት። «አቶ ዓለምዘውድ፣ ባለፈው ቀን ጆሮዎ አልሰማም ነበር?»

«ሰምቷል።»

«ይህን ለሚመለከተው አካል እናስተላልፋለን። ይቀመጡ» አሉና ወደ ሙንታሲር ዞሩ። «መልእክት ላኪም ተቀባይም አለው። የእርስዎ ስልክ የት ነው?»

ሙንታሲር ስልኩን በእጁ ይዞ ሲነካካ ነው የዋለው። ፊቱ ተለዋወጠ። ዑራኤል ፈጥኖ ቆመና «የደንበኛዬ የግል ነገር እንዳይታይ፣ ከተከሳሿ ጋር የተለዋወጡት ብቻ በሬጅስትራሩ እንዲታይልን» አለ።

«ይሁን» አሉ ዳኛው።

አንድ ዓረፍተ ነገር! ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ዓለምዘውድ ለፈቲሀ ቢጠይቅላት ኖሮ «ይሁን» ይባልላት ነበር። ፎቶዋም ተከብሮ፣ ስልኩም ሳይነካ፣ ስሟም ስሟ ሆኖ ይቀር ነበር። የሙንታሲርንም ስልክ የመጀመሪያው ቀን ይቅረብ ብሎ አለመጠየቁ ሌላ ጉድ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው።

መልእክቱ ተገኘ፤ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ። ሙንታሲር ማንም ይጠይቀኛል ብሎ ስላላሰበ አላጠፋውም። ድምፁ ችሎቱ ውስጥ ሲሰማ ሙንታሲር አቀረቀረ። ፍርዱም በሳምንቱ ተሰጠ፤ ወፍጮው የፈቲሀ ሆነ።

ፍርዱ የተነበበ ዕለት በር ላይ ጠበቀችው። ታመሰግነኛለች ብሎ ፈራ፤ ምስጋናዋን የሚሸከምበት ትከሻ አልነበረውም።

«አቶ ዓለምዘውድ፣ ያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነው ሲሉ ስንት ሰው ሰማዎት?»

«አምስት ስድስት።»

«እኔ ላይ ሲሳቅብኝስ?»

ዓለምዘውድ ቦርሳውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ።

«ነገ ገበያ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ድሮ ቢሆን ወፍጮ ቤቴ ይሞላ ነበር። አሁን ጥቂት ሰው አላጣም። ይምጡና ለእነሱም ይንገሩልኝ።»

መጣ። ሚስቱ ፀጋም አብራው መጣች፤ ማታውን ነግሯት፣ እስኪነጋ ጀርባዋን ሰጥታው አድራ ነው። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ በርበሬው ዓይን ያቃጥላል፤ አሥር አሥራ አምስት ሴቶች ዕቃቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ሞተሩ ይጮሃል። ዓለምዘውድ በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገና የሆነ ነገር አለ። ከሞተሩ ጩኸት የተነሳ ማንም አልሰማውም። እውነቱን ለመናገር፣ እንዳይሰማ ሆኖ ነው ያለው።

ፈቲሀ አየችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ሄደችና ሞተሩን አጠፋችው። ቤቱ ጸጥ አለ። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩት።

«ስልኳ ውስጥ ያለውን አጥፊው ያልኳት እኔ ነኝ» አለ ዓለምዘውድ። «ዝም በይ ያልኳትም እኔ ነኝ። ፎቶዎቹም ነውር የለባቸውም፤ እሷ ምንም ጥፋት የለባትም።»

ከሰልፉ መጨረሻ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን ወደ ፊት አስግገው «አልሰማሁም! ጮክ በል!» አሉ።

ጮክ ብሎ ደገመው።