«እዚህ ደስተኛ ነህ?»

«የኮሌጁ አውሮፕላን ትናንት ፍሎሪዳ አርፏል» አለ ፀጉር አስተካካዩ ሚስተር ኦታ፣ መቀሱን አየር ላይ እያንቀጫቀጨ። «ብራንት ሊሄድ ነው። ወንበሩ ያንተ ነው።»

ይህንኑ ባለፈው ቅዳሜም ብሎታል፤ ከዚያ በፊት በነበረውም ብሎታል። ደንበኛ በገባ ቁጥር ወሬውን እንደ አዲስ ይተርከዋል። አንዴ አውሮፕላኑን ቴክሳስ ያወርደዋል፣ አንዴ ቴነሲ፤ መጨረሻውን ግን አይለውጠውም። ዋናው አሰልጣኝ ሆሊስ ብራንት ይሄዳል፣ የመከላከሉ አሰልጣኝ ሉሺየስ ታርፕሊ ይተካዋል። በኮርሊ ከተማ የጨዋታው ዘመን ሊያልቅ፣ አሰልጣኞችም ሊቀያየሩ ሲል የኮሌጁ አውሮፕላን የት እንደዋለ በስልኩ የማይከታተል ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም ወይ ተቀብሯል።

ሉሺየስ አንገቱ ላይ የታሰረውን ጨርቅ አስተካከለ። ሰው የተቀመጠበትን ወንበር እፈልጋለሁ ማለት በአሰልጣኞች ዘንድ ከሌብነት የማይተናነስ ነውር ነው።

«ሚስተር ኦታ፣ ጆሮዬን እንዳይቆርጡት» አለ ብቻ።

«ምን ይሠራልሃል? የምነግርህን አትሰማበትም።»

መስማቱንስ ሰምቷል። ከሰማው ውስጥ ያልወደደው ቃል አልነበረም።

ሉሺየስ ኳሱን፣ ያንን ብረት ቆብ አጥልቀው እንደ በሬ የሚጋጩበትን ኳስ፣ ጉልበቱ እንቢ እስኪለው ተጫውቶታል። ጉልበቱ እንቢ ሲለው መስኮት በሌለው ክፍል ተቀምጦ የተጋጣሚን ፊልም የሚያይ፣ ደመወዝ የሌለው ረዳት ሆነ። ከዚያ የኋላ ተከላካዮችን ሰጡት፣ ከዚያ የመሀሎቹን፣ ከዚያ መከላከሉን በሙሉ። በዚህ ሙያ አለቃህ ሲባረር አብረህ ትባረራለህ፤ ሲቀጠር፣ ካስታወሰህ፣ አብረህ ትቀጠራለህ። ሉሺየስም ከከተማ ከተማ ተንከራተተ። ሚስቱ ኧርነስቲን ሳህኖቿን የምትጠቀልለው ባለፈው ዓመት የጨዋታ ዕቅድ ወረቀት ነበር። ልጃቸው ሬኒታ ጆርጂያ ተወለደች፣ አርካንሳስ ጥርስ አወጣች፣ ማንበብ የተማረችው ኬንታኪ ነው። ኮርሊ የደረሱ ዕለት ኧርነስቲን ካርቶኖቹን በሙሉ ጓሮ አውጥታ አቃጠለቻቸው።

«ከእንግዲህ ወይ ዋና አሰልጣኝ ሆነህ ትሄዳለህ» አለችው፣ «ወይ እዚህ ትቀብረኛለህ።»

በመከላከል ስሙ የተጠራ ሰው ነው። ከፊት የተሰለፈው የተጋጣሚ ተጫዋች ጎንበስ ብሎ እጁን መሬት ላይ ሲያሳርፍ ሉሺየስ ጣቶቹን ያያል። ከነጡ ክብደቱን ጥሎባቸዋል፣ ወደፊት ሊገፋ ነው። ካልነጡ ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ነው። ይህን ሁሉ ከሜዳው ዳር ቆሞ ያነባል። የአለቃውን ፊት ግን አላነበበም። ከብዶት አይደለም፤ መነበብ ያለበት ፊት መስሎት አያውቅም።

በጸደይ ከካሮላይና አንድ ኮሌጅ ና፣ ዋና አሰልጣኝ ሁንልን ብሎት ነበር። ብራንት ይህን እንደሰማ ቢሮው ጠርቶ በሩን ዘጋ፤ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። እኔ ደክሞኛል አለው፣ ይህ የመጨረሻ ዓመቴ ነው፤ አብረን የሠራነውን ቤት ለባዳ ትተህ የት ትሄዳለህ፤ ቆየኝ፣ ወንበሩን በገዛ እጄ አስረክብሃለሁ።

ሉሺየስ ለካሮላይናዎቹ ደውሎ አመስግኖ እንቢ አለ። ለኧርነስቲን ሲነግራት ማጠቢያው ላይ እጇን እያደራረቀች ሰማችው።

«ቃሉን ሰጠኝ» አላት።

«ቃሉን የት ነው የምናኖረው? ምድር ቤት ቦታ አለን?»

«ኧርነስቲን፣ ስንት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ።»

«እኔስ ምን አልኩ? ስንት ዓመት አብረኸው ሠርተሃል።»

የመጨረሻው የሜዳቸው ጨዋታ ሲቃረብ ብራንት እንደገና ጠራው። የኮሌጁ ቦርድ ሰዎች ያናግሩህ ይሆናል አለው፣ እንዳትንሰፈሰፍ፤ አሰፍስፎ የመጣ ሰው ያስጠላቸዋል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማንም ቢጠይቅህ ‹እዚህ ደስተኛ ነኝ› በል። ሌላ ቃል እንዳትጨምር። የቀረውን ለእኔ ተወው።»

ጨዋታውን አሸነፉ። ማታውን መኪና ሻጩ ዌንዴል ክሬን እንደ ልማዱ ግቢውን ከፍቶ አምባዛ አስጠበሰ። ክሬን ለአሰልጣኞቹ የሚነዱትን መኪና በነፃ የሚሰጥ፣ በቦርዱም ውስጥ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። የማጥቃቱ አሰልጣኝ ኪፕ ሬኒም ነበረ፤ የብራንት ሴት ልጅ ባል ነው፣ ለጋ፣ ጥርሰ መልካም፣ የሰውን ሚስት ሁሉ በስሟ የሚጠራ። ሉሺየስ ዘይት ከሚንጣጣበት ድስት አጠገብ ሰሐኑን ይዞ ቆሞ ሳለ ክሬን መጣና ጎኑ ቆመ። ስለ ጨዋታው ትንሽ አወራ፣ ስለ ብርዱ ትንሽ አወራ። ከዚያ ዓሣውን እያየ፣

«ኮች፣ እዚህ ደስተኛ ነህ?» አለ።

 በሉሺየስ አፍ ውስጥ የነበረው ቃል ሌላ ነበር። ዋጠው።

«ደስተኛ ነኝ፣ ሚስተር ክሬን።»

ክሬን ጠበቀ። አንድ ቁራጭ አነሳ፣ አኘከ፣ አሁንም ጠበቀ።

«በቃ? ሌላ የምትለኝ ነገር የለም?»

«ደስተኛ ነኝ።»

ክሬን አገጩን ነቀነቀና ወደ እንግዶቹ ተመለሰ። ኧርነስቲን ከወዲያ ማዶ አይታቸው ኖሮ መጥታ ምን አለህ ስትል ጠየቀችው። ነገራት። እሷም ብራንት እንዳለው በእርግጥ እንደጠየቁት ካየች በኋላ አላንገራገረችም፤ የበቆሎ ዳቦዋን ቆርሳ፣ «ደስተኛ ነህ?» አለችው ብቻ። 

ሰኞ ብራንት ፍሎሪዳ ላለ ትልቅ ኮሌጅ መፈረሙ ተሰማ። የደከመው ሰውዬ ማለት ነው። በማግስቱ ሬኒታ ስልኳን ይዛ ከክፍሏ ወጣች፤ አባዬ ብላ ጀምራ መጨረስ ስላቃታት ስልኩን አቀበለችው። በምስሉ ላይ ኪፕ ሬኒ የኮሌጁን ቆብ አድርጎ፣ የኮርሊ አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ተብሎ መድረክ ላይ ቆሟል። ከጎኑ አማቱ ያጨበጭባል።

ሉሺየስ ቢሮ ሲደርስ ብራንት ፎቶዎቹን ከግድግዳ እያወረደ ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀና ብሎ አየው።

«ጠየቁህ እኮ» አለ። «ደስተኛ ነኝ አልካቸው። ቦርዱ ወንበር የሚሰጠው ለፈለገው ሰው ነው።»

«እንደዚያ በል ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ኮች።»

«እኔ አትንሰፍሰፍ ነው ያልኩህ። አፍህን ስፋ አላልኩህም።»

ሉሺየስ ያን ጊዜም፣ ያን ጊዜ እንኳ፣ ፍሎሪዳ ይወስደኝ ይሆናል ብሎ አሰበ። ይህን ማሰቡ ኋላ ከሁሉ በላይ አንገበገበው። ብራንት ሐሳቡ የገባው ይመስል፣ እዚያ ያሉት ሰዎች የራሳቸው የመከላከል አሰልጣኝ አላቸው አለና አንድ ፎቶ በጋዜጣ ጠቀለለ። ፎቶው ላይ ሁለቱም አሉበት። ሬኒ በበኩሉ ለመናገር እንኳ አልመጣም። የራሴን ሰዎች አመጣለሁ ብሏል ስትል ጸሐፊዋ አቀርቅራ ነገረችው።

ካሮላይናዎቹ ሌላ ሰው ከቀጠሩ ቆይቷል። ሉሺየስ ለሚያውቀው ሁሉ ደወለ። መጨረሻ ላይ ከምዕራብ ቴክሳስ ዳር፣ ነፋስ እንጂ ሌላ ከማይጎበኛት ከተማ፣ የመሀል ተከላካዮችን ብቻ እንዲያሠለጥን ቦታ አገኘ። አለቃው ድሮ እሱ ራሱ ያሠለጠነው ልጅ ነው። መሰላሉን በወጣባቸው ደረጃዎች መልሶ ወረደ ማለት ነው። ሬኒታ ትምህርቷን እስክትጨርስ አክስቷ ዘንድ እንድትቀር ተወሰነ፤ ማንም አላለቀሰም፣ ወይም ሁሉም በየክፍሉ ነበር። ኧርነስቲን አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣትም። መኪናዋን አስነስታ ከግሮሰሪው ባዶ ካርቶን ለምና መጣች።

የሚሄዱ ዕለት ሉሺየስ የሚነዳትን መኪና ለመመለስ ወደ ክሬን የመኪና መሸጫ ግቢ ሄደ፤ ኧርነስቲን የተጫነውን መኪና እየነዳች ተከተለችው። ቁልፉን ለክሬን ጸሐፊ ሰጥቶ ሊወጣ ሲል ክሬን ራሱ ብቅ አለ። ኮቱን ሳይለብስ በብርዱ እስከ በሩ ሸኘው። አንድ ነገር ከንክኖታል።

«ኮች፣ መቼም አልፏል። ግን እንዲያው ለምን እንቢ አልከን?»

ሉሺየስ አልገባውም።

«ሁላችንም ጨርሰን ነበር» አለ ክሬን። «ወንበሩ ያንተ ነበር። ያን ማታ የላኩኝ ከአፍህ አንዲት ‹እፈልጋለሁ› ሰምቼ እንድመለስ ነው።»

«ታዲያ ለምን ትፈልገዋለህ ወይ ብለው አልጠየቁኝም?»

ክሬን ጫማውን አየ።

«እኔማ እንደዚያ ልጠይቅህ ነበር። ሆሊስ ነው የከለከለን። ‹ሉሺየስ ዓይነ አፋር ነው፣ በቀጥታ ከጠየቃችሁት ይሸሻል› አለን። ‹እዚህ ደስተኛ ነህ? ብላችሁ ብቻ ጠይቁት፤ ወንበሩን ከፈለገው ራሱ ይነግራችኋል።›»