የአሰፋች ቶርኖ

ወይዘሮ አሰፋች እንጨት የሚቀርጹበትን ቶርኖ ያጠፉት ሳል ወገባቸውን ሲያጎብጣቸው ነው። አፍንጫቸው ላይ ያሰሩትን ሻሽ ፈትተው ወደ በሩ ተራመዱ። አየሩ ግን አልገባ አላቸው። ደረታቸው እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ያሰማል። የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ።

"እትዬ አሰፋች!" ልብስ ታሰጣ የነበረችው ጎረቤታቸው ሞሚና ባልዲውን ጥላ ሮጠች። "ደግሞ ገቡ? ሐኪሙ ማሽኑን እንዳይነኩ ብሎዎት አልነበር?"

ሞሚና ደግፋ ባጃጅ ውስጥ አስገባቻቸውና ጤና ጣቢያ አደረሰቻቸው።

አሰፋች ጉልበታቸውን የጨረሱት ክር ፋብሪካ ነው። የጥጥ ብናኝ ቅንድባቸውን ሲያነጣው ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አላሳላቸውም። ጡረታ ሲወጡ ግን መቀመጥ አቃታቸው። ቤት ይጠርጋሉ፤ የጠረጉትን ይደግማሉ፤ አጥር ድረስ ሄደው ይመለሳሉ። ሰፈር ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ሲዘጋ አሮጌውን ቶርኖ ገዝተው ጓሮ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል አስተከሉት። ለንግድ አልነበረም። በሚሽከረከረው እንጨት ላይ መሮውን ሲያሳርፉ ልጣጩ እየተጠቀለለ ይወርዳል፤ ውስጣቸው የሚረጋው ያኔ ብቻ ነው። የሠሩት ገበቴም ሙቀጫም ለጎረቤት ሁሉ ደርሷል።

መጀመሪያ ክንዳቸውን አሳከካቸው፤ ሳሙና ቀየሩ። ከዚያ የጽድ እንጨት በቀረጹ ማግስት ዓይናቸው አብጦ ተከደነ። ሐኪሙ የእንጨት ብናኝ አለርጂ እንደሆነ ነግሯቸው፣ "እናቴ፣ ካላቆሙ እየባሰ ነው የሚሄደው" ብሏቸው ነበር። ጥቂት ቀን ታገሡ። ዛሬ ጠዋት ግን እጃቸው አላስቀምጥ አላቸው።

ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ተመልሶ ቤት ሲገቡ፣ ልጃቸው ሞቲ ከገላን ኮንዶሚኒየም መጥቶ ይጠብቃቸው ነበር።

"እማዬ፣ ሞሚና ባታይሽስ ኖሮ?"

አሰፋች ነጠላቸውን አውልቀው አጣጠፉ።

"ነገ መኪና ይዤ መጥቼ ቶርኖውን እወስደዋለሁ። ሳሪስ ገዢ አይጠፋም።"

"አይሸጥም!" ድምፃቸው ተቆራረጠ። "ለራሴ ብዬ የገዛሁት ነገር እሱ ብቻ ነው። ቀሚስ እንኳ ስገዛ አንተን አስቤ ርካሹን ነበር የምመርጠው።"

ሞቲ አንገቱን ደፋ። "እሺ፣ ይቀመጥ" አለ። "ግን ሁለተኛ እንደማትነኪው ማይልኝ።"

አሰፋች ተነሱ፤ መልሰው ተቀመጡ። ለመማል አፋቸውን ሲከፍቱ የነገው ጠዋት ታያቸው። ቤቱ ተጠርጎ ያልቃል፤ አጥሩ ጋ ደርሰው ይመለሳሉ፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ይሄዳሉ። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ብለው።

"አልምልም" አሉ።

"ለምን?"

"ራሴን ስለማውቀው ነዋ! ሞተሩን ፍታው።"

"ሞተሩን ብቻ?"

"ሞተሩን ቤትህ ውሰደው። ማሽኑ እዚህ ይቁም። ብለምንህም እንዳትመልስልኝ።"

ሞቲ መፍቻ ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። አሰፋች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የብሎኑን ሲጥ ሲጥ ሰሙ። ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ሰፈር ውስጥ አሮጌ ሞተር የሚሸጥ ሰው ትዝ አላቸው። ቤቱንም ያውቁታል፤ ሩቅ አይደለም።

ብድግ ብለው መስኮቱን ከፈቱ።

"ሞቲ!"

"አቤት!"

"መሮዎቹንም ውሰዳቸው! ሁሉንም!"