መተንፈሻ ያጣ ቤንዚን

መምህር መሳይ ለሦስተኛ ጊዜ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ጅማ አወቱ መንደራ ሰፈር ወዳለው ጋራዤ ሲመጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደሜ ፈላ። ቤንዚን ያንጠባጥባል ነው የሚለው። መጀመሪያ ሲመጣ የጎማ ቱቦውን ቀየርኩለት። ሁለተኛ ሲመጣ ካርቡራተሩን ፈትቼ፣ ቤንዚኑ ሲሞላ የሚዘጋውን መርፌ በአዲስ ተካሁ። ሃያ ዓመት ሞተር ስጠግን አንድ ሞተር ሦስቴ ተመልሶብኝ አያውቅም።

"አንተ የሆነ ነገር እየነካካህ ነው" አልኩት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ተናገር!"

"እመብርሃንን፣ ምንም አልነካሁም! ሙሐመድሳኒ፣ እኔኮ ፈርቻለሁ። ትናንት ጠብታው የጋለ የጭስ ማውጫ ማርሚታ ላይ ሲያርፍ ጭሱ ወደ ፊቴ መጣ። ባለቤቴ ሁለተኛ አልሳፈርም ብላለች።"

እኔም ፈራሁ። አፌ ይቆጣል እንጂ ቤንዚንን እንደኔ የሚፈራ የለም።

የነሐሴ ዝናብ አባርቶ ፀሐይዋ ከርራ ነበር። ሞተሩን ፀሐይ ላይ አቆምኩና ከሥሩ ካርቶን አንጥፌ ቁጭ አልኩ። በጋራዡ ጥላ ውስጥ ሁልጊዜ ደህና ስለሚሆን ነው ሁለቴ የሸወደኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ፣ ጠብ። የቤንዚን መሙያውን መክደኛ ስከፍተው ፍስስ ብሎ ተነፈሰብኝ፣ ጠብታውም ቆመ። መልሼ ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ።

ነገሩ ገባኝ። ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል። በመክደኛው ቀዳዳ ካልተነፈሰ ቁልቁል ይገፋል፤ መርፌው አዲስ ቢሆን እንኳ አይችለውም። መክደኛውን ገለበጥኩት። በክብ የተቆረጠ የፌስታል ላስቲክ ቀዳዳውን ድፍን አድርጎታል።

"ይሄን ማን ነው ያደረገው?" ብዬ ጮህኩበት።

መሳይ ዓይን ዓይኔን አየኝ። "አንተ ነሃ! ሰኔ ላይ፣ ዝናብ እንዳይገባ ብለህ።"

እውነቱን ነው። የጅማ ዝናብ ባረጀ መክደኛ ገብቶ ቤንዚኑን ውሃ ያደርገዋል፤ ሞተሩም መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ዘንድሮ ክረምት ሲገባ ፌስታል በመቀስ እየቆረጥኩ ከመክደኛው ሥር መለጠፍ ጀመርኩ። ሰው መረቀኝ፣ እኔም ተኩራራሁ።

ከዚያ እህቴ ባህሪያ ትዝ አለችኝ። የሷን ሞተር ባለፈው ሳምንት በዚሁ እጄ ለጥፌዋለሁ። ነገ አረፋ ነው፤ የአራት ዓመት ልጇን ዩምናን ከፊቷ ቤንዚኑ መያዣ ላይ አስቀምጣ አጋሮ እናታችን ቤት ለመሄድ ጠዋት ወጥታለች። ስትወጣ "ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል" ብላኝ ነበር። "ሞልተሽው ነው፣ ሂጂ" ብዬ ሸኘኋት።

ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ። በሦስተኛው ስልኩ ተነሳ።

"ኤሱማ ነህ?" አለችኝ ዩምና። የእናቷ ወንድም ስለሆንኩ እንዲህ ነው የምትጠራኝ።

"እማዬ የት ሄደች?"

"በቆሎ እያስጠበሰች ነው።"

"አንቺስ የት ነሽ?"

"ሞተር ላይ። እሳቱ አጠገብ ነን፣ ደስ ይላል።"

"ውረጂ! ዩምና፣ አሁኑኑ ውረጂ!"

"እማዬ አትውረጂ ብላኛለች።"

በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ልጅቷ ደንግጣ በለቅሶ ቀወጠችው፤ ለቅሶዋን ሰምታ እናቷ ስልኩን ነጠቀቻት።

"ማል ታኤ? ምን ተፈጠረ? ልጄን ምን ብለሃት ነው?"

"ባህሪያ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ አውርጃትና ሩጪ! አትጠይቂኝ፣ ሩጪ!"

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ኮቴ፣ የትንፋሽ ድምፅና የሴት ጩኸት ነው። ብረት መሬት ላይ ሲጎተት ተሰማኝ። መሳይ ትከሻዬን ይዞኛል። "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ከማለት ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

"ርቀናል" አለች በመጨረሻ፣ እያለከለከች። "ቤንዚኑ ከሞተሩ ሥር ወደ ምድጃው እየፈሰሰ ነበር። በቆሎ የምትጠብሰው ሴትዮ ምድጃዋን ጎትታ አራቀችው። አልሐምዱሊላህ፣ የቀረው አንድ ክንድ ነው! አንተ ጅማ ቁጭ ብለህ በምን አወቅህ?"

መዋሸት እችል ነበር። ታላቅ ወንድሟ ነኝ፣ የምላትን ሁሉ ታምናለች።

"መተንፈሻውን የደፈንኩት እኔ ነኝ" አልኳት። "በዚያ ላስቲክ።"

ስድቧን ጠበቅሁ። ዩምና አሁንም ታለቅሳለች።

"ወንድሜ" አለች ቀስ ብላ፣ "ዛሬ መንገዱ ሞተር በሞተር ነው። ሁሉም ልጁን ከፊቱ አስቀምጧል። ላስቲኩን ለስንት ሰው ለጥፈሃል?"

መሳይን አየሁት። እሱም መልሴን እየጠበቀ ነው። የኪቶ ፉርዲሳ ግቢ መምህራን፣ ቡና ነጋዴዎቹ፣ ከሰርቦ ከተማ የሚመጡት ወንድማማቾች እያልኩ መቁጠር ጀመርኩና ተውኩት። ክረምቱን ሙሉ ለመጣ ሁሉ ለጥፌያለሁ። የአብዛኞቹን ስም እንኳ አላውቅም።